የአክስት ኬዚያ አንሶላና የጉም ጥሩምባው

በደቡቡ ጠረፍ ባሉ መንደሮች ሁሉ ስለ አክስት ኬዚያ ስኑክ የሚወራው እንዲህ ነው። ባላቸው ሆሬስ ጉም ውስጥ ሰጥሞ ከቀረ ወዲህ አእምሯቸው ትንሽ ሸርተት ብሏል፤ ጉም መጣም አልመጣም አፋፉ ላይ ወጥተው ነጭ አንሶላ ይሰቅላሉ፤ ይህም የሆሬስ ነፍስ አንሶላውን አይታ ቤቷን እንድታገኝ ነው፤ ጉም ሲወርድ ለጀልባዎች የሚጮኸው የመንግሥት የጉም ጥሩምባም በሐዘናቸው ተነክቶ አብሯቸው ይጮህ ነበር። አንድ ጊዜ ካሜራ አንጠልጥላ የመጣች የከተማ ሴት ይህን ሰምታ እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ወሬው ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም።

ሆሬስ ስኑክ አልሰጠመም። የሞተው ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ካልሲውን እንዳደረገ፣ ሁለተኛ ሳህን የጨው ሥጋና ጎመን ጨርሶ ሦስተኛውን ሲጠብቅ ነው። ቀኑም ብራ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጀልባ ላይ ሲወጣ ገና ከወደቡ ሳይርቅ ያስመልሰው ስለነበር፣ ባሕሩ ሆሬስን ሊያሰጥመው ቢፈልግ ቤቱ ድረስ መምጣት ነበረበት።

የአክስት ኬዚያ አእምሮም አልተንሸራተተም። አንሶላው ግን እውነት ነው። ጥሩምባው መጮሁም እውነት ነው። ወሬውን የዘሩትም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሳቸው ናቸው። መስጠሙን ማን እንደጨመረበት አላውቅም፤ ባውቅም እኔ ነኝ ብዬ አልናገርም።

በእኛ መንደር በስኬረት ኮቭ ያረጀ ሰው ሁሉ ወይ አክስት ወይ አጎት ነው። ዘመድ መሆን አያስፈልግም፤ ማርጀት ይበቃል። አክስት ኬዚያ ያኔ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ዓሣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ቢላዋ ይዘው ቆመዋል፤ ዛሬም ዳቦ ሲቆርጡ ብታይ አጥንት የሚፈልጉ ይመስልሃል። ቤታቸው የመንደሩ የመጨረሻ ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አፋፉና ጥሩምባው፣ ከጥሩምባው ወዲያ ባሕሩ ብቻ ነው ያለው።

ድሮ ጥሩምባው ጠባቂ ነበረው፤ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ እንደ ወለደች ላም የሚያጓራ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ኩባያ የሚያንቀጠቅጥ ትልቅ ነገር ነበር። ሕፃናት በእሱ ተኝተው ያደጉ ናቸው፤ ጸጥ ሲል ነበር የሚነቁት። ኋላ ጠባቂውን በጡረታ አሰናበቱና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ጥሩምባ አመጡ። ድምፁ ምግብ ሞቀ ብሎ የሚጠራ ማሽን ይመስላል ብለን ሳቅንበት፤ በሁለት ሳምንት ለመድነው። ጠባቂውን የተካው ደግሞ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ፣ የዳቦ ሣጥን የሚያህል፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ ዕቃ ነው። እኛ ዓይኑ እንለዋለን። ዓይኑ ወደ ባሕሩ ብርሃን ይረጫል፤ ጉም ካለ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ ይመለስለታል፤ ያን ጊዜ ጥሩምባው በየግማሽ ደቂቃው ይጮሃል። ጉም ከሌለ ብርሃኑ ሄዶ ይቀራል፤ ጥሩምባውም ዝም ይላል። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወንድማቸው እንምጣ። አጎት ጋርላንድ ኪፒንግ አክስት ኬዚያን በአራት ዓመት ይበልጧቸዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ግሌንዳ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ስለሆነች የሰውን ሁሉ ዓይን ስትመረምር ትውላለች። የአባቷን ግን አላየችም። አጎት ጋርላንድ ከኮድ ዓሣ ሌላ ኑሮ የማያውቁ ሰው ናቸው። ዓሣው ተመናምኖ ማጥመድ ከተከለከለ በኋላ እንኳ፣ በሐምሌና በነሐሴ ለየቤቱ ገበታ ብቻ በቀን አምስት አምስት ዓሣ ሲፈቀድ፣ ለእነዚያ አምስት ዓሣዎች ከጥር ጀምሮ መንጠቆ ሲሞርዱ ይከርማሉ።

አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ አክስት ኬዚያ ቤት ካርታ እየተጫወትን ነበር። በእኛ ጨዋታ ከሁሉ የሚበልጠው ካርታ አምስት ቁጥር ነው። አጎት ጋርላንድ ይህንኑ አምስት ቁጥር በማይረባ ዙር ላይ እንደ ጥራጊ ወረወሩት። ሁላችንም ሳቅንባቸው። አክስት ኬዚያ አልሳቁም። እኛ ከወጣን በኋላ የሆነውን ቆይተው ራሳቸው ነው የነገሩኝ። ወንድማቸውን ሻይ ጠጣ ብለው አስቀሩና ባዶ ኩባያ በእጃቸው ሰጧቸው። አጎት ጋርላንድ ተቀብለው ወደ አፋቸው አነሱት።

«ሻዩ እንዴት ነው?» አሏቸው።

«ጥሩ ነው። ትንሽ ቀዝቅዟል።»

«ውስጡ ምንም የለም፣ ጋርላንድ።»

አጎት ጋርላንድ ኩባያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ቀጭን ነው ብዬ ነበር» አሉ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ካለፈው መኸር። ዳር ዳሩ ይታየኛል። ትክ ብዬ የማየው ነገር ነው የሚጠፋብኝ። አንቺን እንኳ ለማየት ጆሮሽን ማየት አለብኝ።»

«ጆሮዬ ከፊቴ ይሻላል፤ ብዙ አልጎደለብህም። ለግሌንዳ ነግረሃታል?»

«አብደሻል እንዴ? ከነገርኳት የሞተሩን ቁልፍ ወስዳ ሶፋ ላይ ታስቀምጠኛለች። በሳምንቱ ደግሞ እንዳይከፋኝ ብላ ድመት ታመጣልኛለች። ኬዚ፣ እኔ ድመት አልፈልግም።»

አክስት ኬዚያ ወንድማቸውን ከጀልባው ከለዩት ከዚያ በኋላ ምን እንደሚቀር ያውቃሉ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ የራሳቸው እጅ ምን ያህል ጊዜ ባዶ ጠረጴዛ ላይ እንደዋለ አልረሱትም። ስለዚህ እነግራለሁ አላሉም። ሦስት ነገር ግን አስማሏቸው፦ ሳትነግረኝ እንዳትወጣ፤ ዲያቆኑን እንዳታልፍ፤ ጉም ከመጣ የጥሩምባውን ድምፅ ይዘህ ቀጥ ብለህ ግባ። ዲያቆኑ በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ያለ ቋጥኝ ነው፤ ማዕበል ሲመታው ነጭ ለብሶ ይታያል።

ነገሩ በዚህ ቢሄድ ጥሩ ነበር። አጎት ጋርላንድ በብራ ቀን የኮረብታውን ጥላ በዓይናቸው ዳር እየያዙ፣ በጉም ቀን ጥሩምባውን በጆሯቸው ይዘው ከማናችንም አሳምረው ይገቡ ነበር። ግን ዓይኑ የሚያየው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰፊው ባሕር ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ጉሙ በሰሜን ካለው ፈፋ ተንሸራቶ ይመጣና በዓይኑ ጀርባ አልፎ ባሕረ ሰላጤውን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ዓይኑ ፊት ለፊቱ ብራ ስለሆነ ጥሩምባው ዝም ይላል። አጎት ጋርላንድ አንድ ቀን እንደዚያ ሆኖባቸው ግማሽ ሰዓት ዙሪያውን ሲዞሩ ቆዩ። እቤት ሲደርሱ «ትንሽ ተንሸራሸርኩ» አሉ፤ የኮታቸውን አዝራር ግን የፈቱላቸው አክስት ኬዚያ ናቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ ነፋስ የአክስት ኬዚያን አንሶላ ከገመድ ነጥቆ ወሰደውና ዓይኑ በተሰቀለበት ምሰሶ ላይ ጠቀለለው። ፀሐይ እንደዚያ ወጥታ ጥሩምባው ይጮህ ጀመር። ሰው ሁሉ ጉም ፍለጋ ከየቤቱ ወጣ። አክስት ኬዚያ ሄደው አንሶላቸውን ፈቱ፤ ጥሩምባው ጥቂት ጮሆ ዝም አለ። ሲመለሱ የተዋጣለት ሌባ የሚመስል ፊት ነበራቸው። ለካ ዓይን የተባለው ነገር ጉምንና አንሶላን አይለይም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማቸው ሲወጡ እሳቸው ያጥባሉ። ከዓይኑ ፊት አራት እርምጃ ርቆ ሁለት ዘንግ ተክለው ገመድ ዘረጉ፤ አንሶላው ገመዱ ላይ ሲወጣ ጥሩምባው ይጮሃል። አጎት ጋርላንድ ገብተው ጀልባቸውን ሲያስሩ አንሶላው ይወርዳል።

ችግሩ ቀኑ ነው። እኛ ዘንድ ልብስ የሚታጠበው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ያጠበች ሴት «ትናንት አሞሽ ነበር?» ትባላለች። ሐሙስ ያጠበች ግን አትጠየቅም፤ ይወራባታል። አክስት ኬዚያ ደግሞ ሐሙስም ቅዳሜም ያሰጡ ጀመር። ሱቁንም ፖስታ ቤቱንም በአንድ ባንኮኒ የያዘችው ቬልማ ፑል ሁለት ሳምንት ታገሠች። ለቬልማ ይህ ትልቅ ጾም ነው።

«አክስት ኬዚያ፣ ትናንት አንሶላ ያየሁ መሰለኝ።»

«አይተሻል።»

«ማክሰኞም ነበር።»

«ማክሰኞም ነበር።»

«እንግዳ መጥቶብዎት ነው?»

አክስት ኬዚያ ግራ ቀኝ አይተው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አሉ። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ቬልማ ልጄ። ለሆሬስ ነው።»

«ለሟቹ ሆሬስ?»

«ነጭ ነገር ይወድ ነበር።»

ሆሬስ በሕይወቱ የወደደው ነጭ ነገር የአሳማ ስብ ብቻ ነው። ቬልማ ግን እንባዋ መጣ። ምስጢሩን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጠበቀችው፤ ከምሳ በኋላ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ አንሶላው የጠየቃቸው የለም። በአጠገባቸው ስናልፍ አንገታችንን እንደፋለን። እሳቸውም በጣም ስላማረባቸው አንዳንዴ በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረግ ያደርጉ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ ጥሩምባውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ፖስታ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። መርከበኛው ሁሉ ጂፒኤስ ስላለው የስኬረት ኮቭ የጉም ጥሩምባ እንዲዘጋ ታስቧል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው ጥሩምባውን ለምን እንደሚጠቀምበት ገልጾ በስልሳ ቀን ውስጥ ይጻፍ። አነበብነው፤ የጻፈ ግን የለም። የሁላችንም ጀልባ ላይ መሣሪያው አለ፤ ቤትህን፣ ቋጥኙን፣ ራስህን በትንሽ ቀስት አድርጎ ያሳይሃል። በጆሮ የሚገባ ሰው አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«እንግዲህ ጠዋት መተኛት ሊቻል ነው» አለ ክላይድ ሂስኮክ። ክላይድ ከኔ ሌላ የመንደሩ ቀልደኛ ነው፤ ከኔ ያንሳል።

አክስት ኬዚያ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የሚጽፉት እውነት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱንም ከጻፉት ደብዳቤው በቬልማ እጅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ጥሩምባው ያስፈልገኛል። ምክንያቱ የግል ነው።» መሥሪያ ቤቱ በትሕትና መለሰላቸው፤ የግል ምክንያት የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ያን ጊዜ ነው የተሳሳቱት። ጥሩምባው የጮኸበትን ሰዓት መሥሪያ ቤቱ በማሽን እንደሚመዘግብ ሰምተው ነበር። ብዙ ከጮኸ ብዙ ያስፈልጋል ማለት ነው ብለው አሰቡ። ፋብሪካው ውስጥ እንደዚያ ነበር፤ ብዙ የሠራች አትባረርም። ስለዚህ ወንድማቸው ወጡም አልወጡም፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየቀኑ ያሰጡ ጀመር።

ሐምሌው ደግሞ በሠላሳ ዓመት ያልታየ ብራ ሆነ። አንገታችን በፀሐይ ተላጠ። ጥሩምባው በየግማሽ ደቂቃው ይጮሃል። የቬልማ የእህቷ ልጅ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክላ ስታገባ ቄሱ ሙሽራውን «ትወዳታለህን?» ብለው ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነበረባቸው፤ ሁለቱን መልስ ጥሩምባው በላው። ሙሽሪት በሦስተኛው ላይ ጠርጥራ ታየው ነበር። ክላይድ ተነሥቶ ወደ አፋፉ ሊሄድ ሲል ቬልማ ኮቱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ተዋቸው፤ ሐዘን ነው» አለችው።

«ሐዘኑ ከሰርጉ በፊት ሊያልቅ አይችልም?»

«አንተ ስትሞት የሚያሰጣልህ እንኳ የለም። ተቀመጥ።»

ነሐሴ በገባ ከመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን መጣ፤ ዴሪክ የሚባል፣ ትሑትና ቀይ ጺም ያለው ሰው ነው። አክስት ኬዚያ ቤት አስገብተው ሻይና ሞላሰስ የሚባል ጥቁር የሸንኮራ ማር የፈሰሰበት የተጠበሰ ሊጥ አቀረቡለት። ሦስት በልቶ ወረቀቱን ዘረጋ።

«እናቴ፣ ጥሩምባችሁ በሐምሌ ብቻ ሁለት መቶ ዘጠና ሰዓት ጮኋል።»

«አየህ?» አሉ አክስት ኬዚያ። «ጉማም አገር ነው።»

«እሱ ነው ግራ የገባን። የአየር ጠባይ መዝገቡ ደግሞ ጉም የነበረው አሥራ አንድ ሰዓት ነው ይላል። ዓይኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሊዘጋ ለታሰበ ጥሩምባ ደግሞ አዲስ ዓይን አይገዛም። ስለዚህ እስከ መኸር መጠበቁን ትተን ዓርብ እናነሣዋለን።»

አክስት ኬዚያ የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ቆሙ።

«ዓይኑ ጤነኛ ነው» አሉ።

«በምን ያውቃሉ?»

መልሱ በር አጠገብ ቅርጫት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ አራት አንሶላ። በመስኮቱ ደግሞ የአጎት ጋርላንድ ጀልባ ከዲያቆኑ ወዲህ ስትንሳፈፍ ትታያለች። ስለ አንሶላው ከተናገሩ ለምን ተብለው ይጠየቃሉ። ለምን ከተባሉ ጀልባዋ አለች።

«ጎረቤቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጎረቤቴን አውቀዋለሁ።»

ዴሪክ አዘነ፤ አራተኛ ሊጥ በላ። ዓርብ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ጥሩምባውንም ዓይኑንም ፈታ። ሲሄድ አክስት ኬዚያን ጨብጦ «አሁን በሰላም ይተኛሉ» አላቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አጎት ጋርላንድ በራቸው ላይ ብቅ አሉ።

«ልወጣ ነው። ንገረኝ ስላልሽ ነው የምነግርሽ።»

«ጥሩምባ የለም፣ ጋርላንድ። የዛሬን ተው።»

«ብራ ነው እኮ።»

«ብራ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ፊቴን ሞቀኝ።» ከዚያ «ዛሬ ከተውኩ ነገም ልተው ነው፤ ከነገ ወዲያም» አሉ። አክስት ኬዚያ ዳቦና ጃም ጠቅልለው ሰጧቸው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ጉሙ በፈፋው በኩል ገባ። የቀሩት ጀልባዎች በመሣሪያቸው እየተመሩ አንድ በአንድ ተሰልፈው ገቡ። የአጎት ጋርላንድ አልገባችም። አለመግባቷን ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ሌላው ያያት መስሎታል።

አክስት ኬዚያ የቆርቆሮ ማጠቢያ ገንዳቸውንና አንድ ፍልጥ ይዘው አፋፉ ላይ ወጡ። ገንዳውን ደፍተው መምታት ጀመሩ፤ ሦስት ምት፣ እስከ ሃያ ቆጠራ፣ እንደገና ሦስት ምት። መንደሩ ሁሉ ሰማ። ቬልማ ሱቋ በር ላይ ወጥታ አዳመጠች። «ምስኪን። ጥሩምባውን ወስደውባቸው፣ ይኸው ባሰባቸው» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ክላይድ ጀልባውን እያሰረ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ሄጄ ባግዛቸው ነውር መስሎኝ መጋረጃውን ሳብኩት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን መቱ፤ ማንም ድርሽ አላለም። የሆሬስን ሐዘን እንድናከብር ያስተማሩን ራሳቸው ነበሩ።

ክንዳቸው አልታዘዝ ሲላቸው ፍልጡን ጥለው ወደ ሱቁ ወረዱ። ግሌንዳ ባንኮኒው ጋ ቆማ ዱቄት እየገዛች ነበር። ክላይድም እዚያው ነበር።

«ሆሬስን ተዉት» አሉ፣ ገና ከበሩ። «ሆሬስ የትም አልሄደም፤ መቃብሩ ውስጥ ነው። ጋርላንድ ነው ውጭ ያለው።»

«አባቴ ጂፒኤስ አለው፣ አክስቴ» አለች ግሌንዳ። «ለገና ገዝቼለታለሁ።»

«አለው። አያየውም።»

«መነጽሩን ረስቶ ነው?»

«አያይም፣ ግሌንዳ። አንቺንም አያይሽም። የሚያውቅሽ በእርምጃሽ ነው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ ነኝ የደበቅሁልሽ። በኋላ ትረግሚኛለሽ፤ አሁን ጀልባ አስነሡ።»

ቬልማን ካመንን፣ ክላይድ እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ ሮጦ ወጥቶ ነበር። ሦስት ጀልባ ተነሣ። የቀረነው መኪኖቻችንን አፋፉ ላይ ደርድረን ጥሩምባቸውን አስጮህን። አሥራ አንድ መኪና ነበር፤ ስኬረት ኮቭ እንደዚያ ቀን ጮሃ አታውቅም።

ክላይድ ያገኛቸው ከዲያቆኑ አርባ ሜትር በማይርቅ ቦታ ላይ ነው። መልሕቅ ጥለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዳቦና ጃማቸውን ይበሉ ነበር። የግሌንዳ ጂፒኤስ ከነካርቶኑ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ የጃሙን ማሰሮ አስቀምጠውበታል።

ወደቡ ላይ ሲያወርዷቸው ግሌንዳ ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው እህታቸውን ፈለጉ።

«ኬዚ።»

«እዚህ ነኝ።»

«እየመጣሁ እኮ ነበር። ገንዳውን ሰምቼ ቀጥ ብዬ እየመጣሁ ነበር። ዲያቆኑ ጋ ስደርስ ዝም አልሽብኝ። መልሕቅ ከመጣል ሌላ ምን ላድርግ? ለምን አቆምሽ?»

«ሰው ልጠራልህ ሄጄ ነው» አሉ አክስት ኬዚያ።

አጎት ጋርላንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰውማ መጣ» አሉ።

የሞተሩን ቁልፍ ግሌንዳ በዚያው ቀን ወሰደችው። አልጮኸችም፤ እጇን ዘረጋች፣ እሳቸውም ሰጧት። ጀልባዋን ስበን ከቤታቸው ጀርባ ገለበጥናት። ድመቷ የመጣችው በአሥረኛው ቀን ነው። ነጭ ናት ብለናቸዋል፤ አጎት ጋርላንድ ይሁን ብለው ተቀብለውናል። ግሌንዳ አክስቷን አልረገመቻቸውም፤ እንዲያውም ዳቦ ትልክላቸዋለች። አክስት ኬዚያም ዘንጎቹን ከአፋፉ ነቅለው ገመዱን ጠቀለሉ።

መስከረም ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የእጅህን መዳፍ የማያሳይ ጉም በወረደበት ቀን፣ ሱቁ ውስጥ ተሰብስበን ፖስታ እንጠብቅ ነበር። አጎት ጋርላንድ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ድመቷ ጫማቸው ላይ ተኝታለች። አክስት ኬዚያ ሻይ ቅጠል ሊገዙ ገቡ። ያ የተረገመ ክላይድ ዝም ማለት አይችልም።

«አክስት ኬዚያ፣ ዛሬ እኮ ሰኞ ነው። በሐሙስ ሲያጥቡ ኖረው በሰኞ ገመዱ ባዶ?»

አክስት ኬዚያ የሻይ ቅጠሉን ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ክላይድ አላዩም፤ ወደ ምድጃው አዩ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ።

«እንግዲህ ጉም ሲመጣ ለማን ብዬ ላጥብ?» አሉ።

ቬልማ ፖስታ መደርደር ጀመረች። ሌላው ሁሉ ጫማውን አየ።